ዓይናቸውን ገልጠው የሚተኙ

መምህር ጅግሶ ሲሞት ዓይኑ አልከደን አለ።

ዜናውን ያመጡልኝ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ናቸው። ጠዋት ግቢ ውስጥ ፊቴን ስታጠብ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። "ጅግሶ ዐረፈ፣ የኔ ወንድም" አሉኝ። ከዚያ ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ግን ያያል።"

ሄጄ አየሁት። ሴቶቹ በመዳፍ ሞክረዋል፣ በእርጥብ ጨርቅ ሞክረዋል። እጃቸውን ሲያነሱ የዓይኑ ቆብ ቀስ ብሎ ወደነበረበት ይመለሳል። ጥቁሩ ወደ ላይ ሸሽቶ ነጩ ብቻ በሩን ይመለከታል። "የሚጠብቀው ሰው አለ" ተባለ። በእኛ አገር ዓይኑን ያልከደነ ሬሳ ወይ የሚጠብቀው ሰው አለ፣ ወይ ይዞት የሚሄደው ሰው አለ። የትኛው እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ ሁላችንም ወደ ግድግዳው ጠጋ ጠጋ አልን። ብቸኛ ልጁ ምሕረት ገደብ ከተማ ውስጥ ነርስ ናት። ተደውሎላት መንገድ ላይ ነበረች።

እኔ ለእንዲህ ያለ ወሬ ትዕግሥት የለኝም። የዓይን ቆብን የሚዘጋውን ጡንቻ ስም አውቀዋለሁ፤ ኦርቢኩላሪስ ኦኩላይ ይባላል፤ ያስተማረኝ ራሱ ጅግሶ ነው። በሕይወት እያለ አንድም ቀን ገጥሞ ያልከደነውን ዓይን ሞቶ እንዲከድን መጠበቅ ሟችን ትጋት መጠየቅ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ግን እኔም በበሩና በዓይኑ መካከል ላለመቆም ቦታ ቀየርሁ።

ሰው ሲሞት ደግ ነበር ይባላል። ጅግሶ ደግ አልነበረም። ግትርና ነገረኛ ነበር፤ ቤቱ የመጣን እንግዳ አቁሞ "እስቲ ጉንጭህን ንፋ" የሚል ሰው ነበር። ፊቱ ላይ አንድ መስመር አልነበረም፤ እንደታጠበ ሳህን የለሰለሰ ነው። እትዬ ብርቄ "ይኼ ሰው አያረጅም" ይሉ ነበር፤ አባባላቸው ምስጋና አይመስልም፣ ክስ ይመስላል። ሳቁ ደግሞ ይሰማል እንጂ አይታይም። ከደረቱ ይመጣል፣ አፉ ጋ ሲደርስ ይቀራል። ከእሱ ጋር ስትቀልድ የሳቀልህ ከኋላው የቆመ ሌላ ሰው ይመስልሃል።

ዲላ ውስጥ በአንድ የግል ጤና ኮሌጅ አብረን አስተምረናል። እኔ ሥነ ምግባር፣ ማለትም ተማሪ ስልኩን የሚነካካበትን ክፍለ ጊዜ አስተምር ነበር። እሱ የሕክምና ቃላትን። ባልደረባ የባልደረባውን ክፍል ገብቶ ይመዝን የተባለ ጊዜ የኔ ዕጣ እሱ ላይ ወደቀ፤ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።

ገባ፣ ኮቱን አወለቀ፣ ሸሚዙን አወለቀ፣ በካናቴራ ቀረ። ተማሪዎቹ አልሳቁም፤ ለምደውታል።

"ፈረንጅ ጥንት ክንዱን አጠፈና አየ" አለ። "ከቆዳው ሥር የሚሮጥ ነገር አለ። ትንሽ አይጥ መሰለችው። ሙስኩሉስ አላት፤ ትንሿ አይጥ ማለት ነው። የጡንቻ የፈረንጅ ስም ከዚያ መጣ።" ክንዱን አጠፈ። ከክርኑ በላይ የተነሣ ነገር የለም፤ አጥንትና ቆዳ ነው። "የኔዋ ጉድጓዷን ለቃ ሄዳለች። ስሟ ግን አልሄደም። ባይሴፕስ። ጻፉ።"

ጻፉ።

"ማዮ ጡንቻ ነው፤ አልጂያ ሕመም። ማያልጂያ?"

"የጡንቻ ሕመም!"

"አስቴኒያ ድካም ነው። ማያስቴኒያ?"

"የጡንቻ ድካም!"

"አትሮፊ?"

"መመንመን!" አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ። ያኔ ጀርባውን አዞረላቸው። ሁለቱ የትከሻ አጥንቶች ከካናቴራው ሥር ተነሥተው ቆመዋል። "ይህን አጥንት ከጎድን አጣብቆ የሚይዘው ሴራተስ አንቴሪየር ነው። እሱ ሲደክም አጥንቱ ይነሣል። መጽሐፉ ባለ ክንፍ ትከሻ ይለዋል" አለ፣ ፊቱን ወደ ሰሌዳው እንዳዞረ። "ክንፍ አውጥቶ መብረር ያቃተው ሰው ካላያችሁ፣ ይኸው።"

ሰሌዳው ላይ ከደረቱ በላይ መጻፍ አይችልም ነበር። ከፍ አድርጎ መጻፍ ሲያስፈልገው በግራ እጁ የቀኝ ክርኑን ከሥር ይደግፍና እንደ ከባድ ዕቃ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሙሉ ውጤት ሰጥቼው ወጣሁ። ደጅ ስደርስ የገዛ ክንዴን ሳላስበው አጥፌ እየዳሰስሁ ነበር።

ጎረቤቱም ስለነበርሁ ሥራ ስንወጣ በረንዳው ላይ አብረን እናመሽ ነበር። በረንዳው ወደ ጓሮ ያያል፤ ጓሮው ከአጥር እስከ አጥር እንሰት ነው። የዘሩን ታሪክ የነገረኝ እዚያ ነው።

ትውልዱ ወናጎ አጠገብ ነው። አባቱም አያቱም ጨለለቅቱ በኩል የቡና ማጠቢያዎች ዘበኛ ነበሩ። በመኸር ጊዜ ቡናው በሽቦ አልጋ ላይ ሲዘረጋ ባለቤቶቹ "እነዚያን ዓይናቸውን ገልጠው የሚተኙትን አምጡልን" ብለው ይልካሉ። ሌባው አልጋው ዳር ድረስ ይመጣል፣ ከዘበኛው ጋቢ ውስጥ ነጭ ዓይን ሲያፈጥበት ያያል፣ ይመለሳል። ባለቤቱም ሌባውም እነዚያ ሰዎች እንቅልፍ የላቸውም ብለው ያምኑ ነበር። እነሱ ግን እስኪነጋ ድረስ ጥግብ ብለው ይተኛሉ። ቤተሰቡ ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበለ ተኝቶ ደመወዝ በላ። ይህን ሲነግረኝ ብዙ የቢሮ ሰዎች ትዝ አሉኝ፤ እነዚያ ግን ቢያንስ ዓይናቸውን ይከድናሉ።

ጅግሶ ተማረና ነገሩን አበላሸው። አዲስ አበባ አንድ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ ሐኪሙም ስም አወጣለት።

"ፋሲዮስካፑሎሁመራል መስኩላር ዲስትሮፊ" ይል ነበር፣ የአያት ስም የሚጠራ ይመስል። "ፋሲዮ ፊት፣ ስካፑሎ የትከሻ አጥንት፣ ሁመራል ክንድ። ዲስትሮፊ ጡንቻው ሳይመገብ ሲቀር ነው። ከፊት ተነሥቶ በትከሻ አድርጎ ክንድ ይወርዳል። የመኪና መስመር በለው፤ ዲላ፣ ወናጎ፣ ገደብ።"

እኔ ስም ይፈውሳል የሚለውን ነገር አላምንም። ዛሬ ሁሉም ሰው ለሐዘኑም ለስንፍናውም ስም ይዞ ይዞራል፤ የዳነ ግን አላየሁም። "ምን ጠቀመህ?" አልሁት አንድ ቀን። "አባትህ የተከበረ ዘበኛ ነበር። አንተ በሽተኛ ነህ። በሁለታችሁ መካከል ያለው ልዩነት ይኼ ረዥም ስም ብቻ ነው።"

ብርጭቆውን በሁለት እጁ አስቀመጠ። "አባቴ እጁ አልነሣ ሲለው የገዛ ወንድሜ አስደገመብኝ ብሎ አመነ" አለኝ። "አንድ አጥር ነው የሚለያቸው። እስኪሞቱ ድረስ አልተነጋገሩም። ስሙን ቢያውቅ ወንድሙ ይቀርለት ነበር።" ቀጠለ፤ "ስሙን ካላወቅኸው እንግዳ ነው፤ ምን ሊሠራ እንደመጣ አታውቅም። ስሙን ካወቅኸው ዘመድ ነው። ዘመድ ደግሞ አይባረርም፤ አልጋ ታነጥፍለታለህ።"

በክርክሩ ተረታሁ። ይህ በእኔ ላይ ከስንት አንዴ ነው የሚደርሰው።

በሽታው ልጆች ላይ ገና ሲጀምር ከንፈርና ዓይን ላይ ይታያል። ስለዚህ ጅግሶ ልጅ ባየ ቁጥር "አፏጭ" ይላል። የጎረቤት ልጅ፣ የተማሪ ታናሽ ወንድም፣ ባጃጅ ውስጥ ያገኘው ሕፃን፣ ሁሉም ያፏጭለታል። ከንፈር ሰብስቦ ማፏጨት የቻለ በእሱ ዘንድ ነፃ ነው። እትዬ ብርቄ በዚህ ነገር ተጣልተውታል።

"የልጅ ልጄን በምሽት አፏጭ ብለህ እባብ ልትጠራብኝ ነው?"

"እባብ ፉጨት አይሰማም፣ እትዬ።"

"ሰይጣንስ?"

"እሱም ይምጣ። አስፏጨዋለሁ።"

አስፏጭቶት የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የገዛ ልጁ። ገና ልጅ ሳለች እናቷ ሞታ እሱ ነው ያሳደጋት። በሽታው ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ እኩል ለእኩል ነው። የሚያረጋግጠው የደም ምርመራ እኛ አገር ደርሶ አያውቅም ይል ነበር። "ዘውድ ወይም ጎፈር ነው" አለኝ። "ሳንቲሙ የተወረወረው ድሮ ነው። ወድቋል። እኔ በመዳፌ ሸፍኜ ይዤዋለሁ።"

"አንሣና እይ እንጂ።"

"አንተ ልጅ የለህም" አለኝ። ውይይቱ በዚህ አለቀ።

ምሕረት አድጋ እዚያው ኮሌጅ ነርስነት ገባች፤ አባቷም አስተማሪዋ ሆነ። በተከታዩ ምዘና እኔ ኋላ ተቀምጬ እያለሁ ትምህርቱ የፊት ጡንቻዎች ጋ ደረሰ። "ኦርቢኩላሪስ ኦሪስ" አለ። "አፍን የሚከብበው ነው። ያለ እሱ መሳም የለም፣ ማፏጨት የለም፣ ጠላ እንኳን ሳይፈስ አይጠጣም። በየተራ አፏጩ።" ተማሪው ከፊት ጀምሮ ያፏጭ ጀመር። አንዱ እንደ እረኛ፣ አንዱ እንደ ወያላ፣ አንዷ ሳቋ እያመለጣት። ክፍሉ የወፍ ጎጆ መሰለ። ጅግሶ በወንበሮቹ መካከል ራሱን እየነቀነቀ ያልፋል። ልጁ ጋ ደረሰና ከኋላዋ ወደተቀመጠው ልጅ ጠቆመ።

"ቲቸር" አለች ምሕረት። "እኔን ዘለሉኝ።"

"ሰዓት አልቋል።"

"አልተደወለም እኮ።"

ምሕረት ተነሥታ ቆማለች። እሱ ተመልሶ ሸሚዙን አነሣ፣ አንዱን እጅጌ አጠለቀ፣ ሌላውን ለማጥለቅ ብዙ ቆየ። ማንም አልረዳውም። "ለአንቺ የቤት ሥራ ይሁንሽ" አለ በመጨረሻ።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ ከእንሰቱ ውስጥ ፉጨት መጣ።

ቀጭን ነበር፣ ረዥም፣ ጫፉ ላይ እንደ ጥያቄ ወደ ላይ የሚል። ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። ጅግሶ ብርጭቆውን ይዞ ቀረ። ዓይኑ ስለማይከደን ሁልጊዜ ያነባል፤ ስለዚህ አለቀሰ ለማለት አልችልም። እትዬ ብርቄ ግን በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

"ሰማችሁ? ሰይጣን ገባብን።"

"ሰይጣንም ከሆነ ጤነኛ ነው" አለ ጅግሶ። "ኦርቢኩላሪስ ኦሪሱ ደህና ነው።" ሳቁም ተሰማ፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ ረዥም ሲሆን ሰምቼው አላውቅም።

ትንሽ ቆይታ ምሕረት የእንሰት ቅጠል ታቅፋ ከጓሮ ወጣች። አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም። የቤት ሥራው ተሠርቷል፣ አስተማሪው ሰምቷል፣ በቃ። አባትና ልጅ ፊት ለፊት ሊያደርጉት ያልደፈሩትን ነገር ቅጠል መሐል አድርገው ጨረሱት ብዬ ተደነቅሁ። እንዲህ ያለውን ጨዋነት በሥነ ምግባር መማሪያዬ ውስጥ አላገኘሁትም።

ፉጨቱ ቀጠለ። ተመርቃ ገደብ ሥራ ስትይዝ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣ ነበር፤ ፉጨቱም ቅዳሜ ቅዳሜ ሆነ። ጅግሶ ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ ወንበሩን ያወጣል። ፉጨቱ ሲመጣ "ገባች" ይላል። በጓሮ በር በኩል እንደምትገባ ነበር ሁለታችንም የምናስበው። በእነዚያ ዓመታት እግሩም መድከም ጀምሮ ነበር፤ ግን እንደዚያ ጊዜ ደስ ያለው ሆኖ አላየሁትም። እርግጥ ይህን የምለው ፊቱን አይቼ አይደለም።

አንድ ቅዳሜ እንደ ወትሮው ተቀምጠናል። ፉጨቱ መጣ። ጅግሶ "ገባች" አለ፣ ወደ ወንበሩም ተደገፈ።

ወዲያው በቤቱ የፊት በር በኩል ባጃጅ ቆመ። ምሕረት አቧራ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ ገባች። "መኪናው ወናጎ ላይ ጎማ ፈነዳበት፣ አባ። ብዙ አቆየን።"

እኔ ወደ እንሰቱ አየሁ። ጅግሶ አላየም። እሷ ሳመችውና ቦርሳዋን እንደልማዷ ከበሩ አጠገብ ካለው ምስማር ልትሰቅል ሄደች። ቀኝ እጇ እስከ ትከሻዋ ወጣና ቆመ። ያኔ ማንም እንደማያያት አስባ በግራ እጇ የቀኝ ክርኗን ከሥር ደገፈች፣ እንደ ከባድ ዕቃም ወደ ላይ ገፋችው። ቦርሳው ተሰቀለ። ከሸሚዟ ሥር፣ ጀርባዋ ላይ፣ አንድ ነገር ተነሥቶ ተመለሰ።

ወደ ጅግሶ ዞርሁ። ፊቱ ያው ፊቱ ነው፤ የታጠበ ሳህን። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ፊት ላይ ሐሳብ ሲነበብ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ያን ዕለት ግን ምንም የማይነበብበት ፊት ለአንድ አባት ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ ገባኝ።

"ራት አልበላሽም አይደል?" አላት።

ለሳምንታት ጠበቅሁት፤ ይነግራታል፣ ያሳክማታል፣ ቢያንስ ስሙን ይጠራል ብዬ። አልጠራም። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ወንበሩን ያወጣል፣ ፉጨቱን ያዳምጣል። "ገባች" ማለቱን ብቻ ተወ። አንድ ቀን አላስቻለኝም። "ታዲያ የሚያፏጨው ማን ነው?" አልሁት።

"አንተ ሰውዬ" አለኝ፣ እንሰቱን እያየ። "ሁሉንም ነገር ስም ካላወጣህለት አይሆንልህም?"

ክረምቱ ሲገባ ሳንባ ምች ያዘውና ዐረፈ።

ምሕረት ከገደብ ስትደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ሴቶቹ ጩኸቷን ጠብቀው ነጠላቸውን አመቻቹ። አልጮኸችም። ሬሳው ካለበት ክፍል ገባችና ሰው ሁሉ እንዲወጣ ለመነች። እኔም ልወጣ ስል፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ይቆዩልኝ፤ ብቻዬን እፈራለሁ" አለችኝ።

ራስጌው ተቀመጠች። መዳፎቿን ዓይኖቹ ላይ አሳረፈች፤ አላነሳችም። ውጭ ዝናብ ጀምሮ ቆመ። "አባ" አለችው ቆይታ፣ "የቤት ሥራውን አልሠራሁም።"

ወደ ጆሮው ጎንበስ ብላ ከንፈሯን ልትሰበስብ ሞከረች። ከንፈሯ አልተሰበሰበም። የወጣው ነፋስ ብቻ ነው። እንደገና ሞከረች፤ ነፋስ ብቻ።

"ከልጅነቴ ጀምሮ አልችልም" አለች፣ ለእሱ ይሁን ለእኔ አላወቅሁም። "አንድም ቀን ችዬ አላውቅም። ያን ቀን ክፍል ውስጥ እንዲያውቅልኝ ፈልጌ ነበር የተነሣሁት።"

በመጨረሻ መዳፏን ስታነሣ ዓይኖቹ ተከድነው ነበር። "ሰውነት ሲደርቅ ይይዛል" አለችኝ እንደ ነርስ። "መጠበቅ ብቻ ነው የሚፈልገው።" እትዬ ብርቄ ሲገቡ ደግሞ "እሷን ነበር የሚጠብቀው" አሉ። ሁለቱም ያነሡት ያንኑ መጠበቅ መሆኑን አስተዋልሁ፤ አልተከራከርሁም።

በቀብሩ ማግስት አመሻሽ ላይ ለቀስተኛው ሲሳሳ በረንዳው ላይ ከምሕረት ጋር ተቀመጥሁ። የእሱ ወንበር ባዶውን አጠገባችን ነው። የነገርኋት ያኔ ነው፤ የቅዳሜውን ፉጨት፣ "ገባች" ማለቱን፣ ቦርሳዋን ስትሰቅል ማየቱን። ሳታቋርጠኝ አዳመጠችኝ።

"አየ?" አለች።

"አየ።"

"ምንም አላለኝም።"

"ምንም አላለም።"

ወደ እንሰቱ አየች። "ፉጨቱን እኔም እሰማው ነበር" አለች ቀጥላ። "እሱን ለማጽናናት እርስዎ የሚያፏጩ ይመስለኝ ነበር፣ ጋሼ።"

"እኔ እሱ አጠገብ ነበር የምቀመጠው።"

ይህን ብዬ አፌን ሳልዘጋ ከእንሰቱ ውስጥ መጣ። ቀጭን፣ ረዥም፣ ጫፉ ላይ እንደ ጥያቄ ወደ ላይ የሚል። ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። እትዬ ብርቄ በራቸውን ሲወረውሩት ከአጥሩ ማዶ ተሰማ። እኔ በምንም የማላምን ሰው ነኝ፤ እጄ ግን የባዶውን ወንበር መደገፊያ ይዞ ነበር።

ደገመ። አሁን ቀረብ ብሏል።

"ማንም ይሁን ጤነኛ ነው" አለች ምሕረት ከጎኔ። "ኦርቢኩላሪስ ኦሪሱ ደህና ነው።"

ሳቋን ሰማሁት። ዞሬ ፊቷን አየሁ፤ ሳቁ እዚያ አልነበረም።